በግቢ ውስጥ የድንጋይ መደብ፦ ካክተስና እሬት በደጋ አገር

ካክተስ ገዝተው ግቢያቸው ውስጥ የሚተክሉ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ተክላቸውን የሚያጡት አብዛኛውን ጊዜ በክረምት ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለ ችግር የቆመው ተክል ሐምሌ ላይ ከሥሩ መለስለስ ይጀምራል፤ ቀለሙ ይገረጣል፤ ነሐሴ ሳያልቅ ይወድቃል። ባለቤቱም «አየሩ አልተስማማውም» ብሎ ይተወዋል። የደጋው ፀሐይም ሆነ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ግን ለብዙዎቹ ዝርያዎች የሚስማማ ነው። የጎደለው ዝናቡ ወርዶ የሚሄድበት መንገድ ነው። ይህን መንገድ እንዴት ማበጀት እንደሚቻል፣ በላዩም ምን ምን መትከል እንደሚገባ ከመጀመሪያው ተነሥተን እንመልከት።

በቅጠላቸው፣ በግንዳቸው ወይም በሥራቸው ውስጥ ውሃ የሚያጠራቅሙ ዕፅዋት በጠቅላላው ሰኩለንት ይባላሉ። እነዚህ ዕፅዋት የአንድ ቤተሰብ አባላት አይደሉም፤ የሚያመሳስላቸው አኗኗራቸው ነው። እሬት ውሃውን በወፍራም ቅጠሉ፣ ቁልቋል በግንዱ ያከማቻል። ካክተስ ግን ራሱን የቻለ አንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ነው። በውስጡ 1,500 ያህል ዝርያዎች ሲኖሩ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል የትውልድ አገራቸው ከካናዳ እስከ ፓታጎንያ የሚዘረጋው የአሜሪካ ምድር ነው። ከዚህ የወጣ አንድ ዝርያ ብቻ አለ፤ ሪፕሳሊስ ባሲፌራ ይባላል። ቀጫጭን ግንዶቹን ከደን ዛፎች ላይ ቁልቁል እየለቀቀ የሚኖር ተክል ሲሆን፣ ከአሜሪካ ውጭ በአፍሪካ፣ በማዳጋስካርና በስሪላንካ በተፈጥሮ ይገኛል።

ብዙ ሰው ቁልቋልን ካክተስ ነው ብሎ ያስባል። መልካቸው በእርግጥ ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ቅጠላቸውን ትተው ግንዳቸውን አወፍረዋል፣ ሁለቱም እሾህ አላቸው። ዝምድና ግን የላቸውም። በሁለት የተለያዩ አህጉራት አንድ ዓይነት ድርቅ ገጥሟቸው አንድ ዓይነት መላ ያገኙ ዕፅዋት ናቸው። ለይቶ ማወቂያው ቀላል ነው። የካክተስ እሾህ የሚወጣው አሪዮል ከምትባል፣ ጥጥ የመሰለ ነገር ከሸፈናት ትንሽ ጉብታ ላይ ነው፤ አበባውም ከዚያችው ጉብታ ይወጣል። በማንኛውም ሌላ የዕፅዋት ቤተሰብ አሪዮል አትገኝም። ቁልቋል አሪዮል የለውም፤ ሲቆረጥ ደግሞ ነጭ ወተት ያፈስሳል። ይህ ወተት ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባም ብርቱ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ቁልቋልና ቅንጭብ ሲቆረጡ ጓንትና መነጽር ማድረግ፣ ልጆችንም ማራቅ ያስፈልጋል።

የእነዚህን ዕፅዋት አተነፋፈስ ያወቀ ሰው እንክብካቤውን ለማወቅ አይቸገርም። አብዛኞቹ ዕፅዋት ለምግብ ሥራ የሚያስፈልጋቸውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት የቅጠላቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ይከፍታሉ። ቀዳዳው በተከፈተ ቁጥር ውሃም በትነት ይወጣል። ካክተስ፣ እሬትና ብዙዎቹ ሰኩለንቶች ግን ቀዳዳቸውን የሚከፍቱት አየሩ ቀዝቀዝ በሚልበት በሌሊት ነው። ያስገቡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ ያስቀምጡታል፤ ሲነጋ ቀዳዳቸውን ዘግተው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠሩበታል። በዚህ ዘዴ የሚያባክኑት ውሃ እጅግ ጥቂት ነው። በአንጻሩ እድገታቸው ዝግ ያለ ነው፤ የሚጠጡትም ጥቂት ነው። ሰማዩ ለሳምንታት ደመና ለብሶ፣ አፈሩም ቀዝቅዞ ሲሰነብት መጠጣቱን ጨርሶ ይተዉታል ማለት ይቻላል። በዙሪያቸው የቀረው ውሃ ከአፈሩ ውስጥ አየርን ያስወጣል፤ አየር ያጣው ሥር ይታፈናል፤ የታፈነውን ሥር ፈንገስ ያበሰብሰዋል። በሐምሌ የምናየው ሞት እንዲህ የሚመጣ ነው።

መፍትሔው ድንጋይ ነው። በድንጋይ መካከል አትክልት መትከል ረጅም ታሪክ አለው፤ ለእኛ የሚጠቅሙትን ሦስት ቦታዎች ብቻ ላንሣ። በለንደን በሚገኘው የቼልሲ የመድኃኒት ዕፅዋት ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1773 የተሠራው የድንጋይ መደብ በአውሮፓ እስከ ዛሬ ከቆዩት ሁሉ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። ከለንደን ግንብ የተፈነቀለ ድንጋይና ጆሴፍ ባንክስ የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ ከአይስላንድ በመርከብ ያመጣው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተደባልቀው የተሠራ ነው። በካሊፎርኒያ ሳን ማሪኖ ደግሞ ዊልያም ሄርትሪክ የተባለ አትክልተኛ እ.ኤ.አ. በ1907 ለባቡር ሐዲድ ባለሀብቱ ለሄንሪ ሀንቲንግተን የበረሃ ዕፅዋት መትከል ጀመረ። ባለሀብቱ መጀመሪያ እሾሃሙን ተክል አልወደደውም ነበር፤ አትክልተኛው ግን ሌላ ነገር አልበቅል ባለበት ተዳፋት ላይ እንዲሞከር አሳመነው። ዛሬ ያ ተዳፋት ከ2,000 በላይ ዝርያዎችን ይዞ በዓለም ከታወቁት የካክተስና የሰኩለንት ስፍራዎች አንዱ ሆኗል።

ሦስተኛው የስፔን ግዛት በሆነችው በላንዛሮቴ ደሴት፣ ጓቲሳ በተባለ መንደር ይገኛል። የደሴቲቱ ተወላጅ አርቲስት ሴሳር ማንሪኬ፣ ሰዎች የእሳተ ገሞራ አመድ ቆፍረው የጨረሱበትንና የተጣለውን ጉድጓድ ወስዶ ዙሪያውን በጥቁር ድንጋይ ደረጃ በደረጃ አነጸው፤ መሬቱን በጥቁር ጠጠር ሸፍኖ በሺህ የሚቆጠሩ ካክተሶች ተከለበት። እ.ኤ.አ. በ1990 ለሕዝብ ተከፈተ። ይህን ቦታ የማነሣው ከውበቱም በላይ ማንሪኬ የተጠቀመበት ቁሳቁስ እኛም ዘንድ በብዛት ስላለ ነው። የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች የተዉልን፣ የግንባታ ሰዎች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ ጠጠር ከማንሪኬው ጥቁር ጠጠር ጋር በተፈጥሮው አንድ ነው። በውስጡ ቀዳዳ የሞላበት፣ ቀላል፣ ውሃን አሳልፎ ጥቂት እርጥበት የሚያስቀር ድንጋይ ነው። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቁሳቁስ ማንም አገር አያገኝም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ልዩነቱ በዝናብ መጠን ላይ ነው። ላንዛሮቴ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር ያንሳል። አዲስ አበባ ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ውስጥ ይወርዳል። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ መትከል ይቻላል፤ እዚህ ግን ከመሬት ከፍ ማድረግ ግድ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ቦታን በመምረጥ ነው። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ስፍራ ይፈልጉ። ማለዳ ፀሐይ ቀድማ የምትደርስበት ቦታ ይመረጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የቀዘቀዘው ተክል ቶሎ ይሞቃልና። ከአሸንዳ የሚወርድ ውሃ የሚመታውን ቦታ ይተዉ። ትልቅ ዛፍ ሥርም አይሆንም፤ ጥላው ሳይበቃ የሚረግፈው ቅጠል በተክሎቹ መካከል ገብቶ ይበሰብሳል። እሾሃማ ተክል ከልጆች መጫወቻና ከመተላለፊያ ቢያንስ አንድ ሜትር መራቅ አለበት። ግቢዎ ተዳፋት ካለው ደስ ይበልዎ፤ ሌላው ሰው በአካፋ የሚያበጀውን ተፈጥሮ ሠርታልዎታለች።

ቀጥሎ አፈሩን ይፈትሹ። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው በውሃ ይሙሉት፤ ያ ሲሰርግ እንደገና ይሙሉና የውሃውን ከፍታ ይለኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ ካልወረደ አፈሩ ውሃ ይይዛል ማለት ነው። ቀይ አፈር ባለባቸው በእንጦጦ ግርጌ ሰፈሮች ውሃው ሲወርድ ሊያዩ ይችላሉ። ጥቁር መረሬ ባለበት ግን ውሃው እዚያው ያድራል። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱም ለሥር መጥፎ ናቸው።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ጥቂት ቆም እንዲሉ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ድካም ከንቱ የሚቀረው እዚህ ነውና። መረሬ መሬት ያለው ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ መጥፎውን አፈር አውጥቶ በምትኩ ጠጠር መሙላት ነው። ትክክል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው። በዙሪያው ያለው ጭቃ ውሃ ስለማያሳልፍ የግቢው ጎርፍ ሁሉ ወደዚያ ጠጠር ይሰበሰብና ጉድጓዱ እንደ ገንዳ ሞልቶ ይቀመጣል። ተክሉም ከነጠጠሩ ውሃ ውስጥ ይከርማል። ስለዚህ መረሬውን አይቆፍሩ፤ በላዩ ላይ ይገንቡ። መደቡ ከግቢው ወለል ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ ዙሪያውንም ውሃውን ወደ ዝቅተኛው የግቢ ክፍል የሚወስድ ጠባብ ቦይ ቢኖረው የክረምቱ ጭንቀት በአብዛኛው ይቀራል።

ከመገንባት በፊት ሰርዶውን ያጥፉ። ላይ ላዩን ማጨድ አይጠቅምም፤ ነጭ ሥሩን በዶማ እያወጡ መልቀም ያስፈልጋል። በድንጋይና በእሾህ መካከል አንዴ የገባ ሰርዶ መደቡን ሳያፈርሱ የሚወጣ አይደለም። ይህ አንድ ቅዳሜና እሁድ የሚፈጅ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሆኖም ከተከሉ በኋላ የሚተካው የለም።

ለምሳሌ ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ወርዱ ሁለት ሜትር፣ መካከሉ ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ እንሥራ። ለዚህ በጠቅላላው ሁለት ሜትር ኩብ ያህል ድንጋይ፣ ጠጠርና አፈር ይበቃል። ከታች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ስብርባሪ ድንጋይ ወይም ጡብ ይነጠፋል። የሲሚንቶና የኖራ ፍርስራሽ ባይገባበት ይሻላል፤ ለብዙ ተክሎች የማይስማማ ባሕርይ ወደ አፈሩ ይለቃልና። በዚያ ላይ የሚደለደለው ድብልቅ ዋናው ነገር ነው። በባልዲ እየለኩ ሦስት እጅ ቀይ አፈር፣ አራት እጅ የተነፋ ሬድ አሽ፣ ሁለት እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ያደባልቁ። ሬድ አሹን በወንፊት ነፍተው ዱቄቱን ይጣሉ፤ ከስንዴ ፍሬ እስከ ባቄላ የሚያህለውን ብቻ ያስቀሩ። ለልስን የሚሆን ደቃቅ አሸዋ አይጠቀሙ። ደቃቅ አሸዋ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፤ ድብልቁም ደርቆ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ጥሩ ድብልቅ እርጥብ ሆኖ በመዳፍ ሲጨብጡት ቅርጽ አይዝም፤ እጅዎን ሲከፍቱ ይፈርሳል።

ድንጋዮቹ የሚቀመጡት ከተክሎቹ በፊት ነው። አንድ ዓይነት ድንጋይ ይምረጡ፤ ጥቁር ድንጋይ ከሆነ ጥቁር ብቻ፣ ከአካባቢው ተራራ የወጣ ትራካይት ከሆነ እርሱን ብቻ። የተቀላቀለ ድንጋይ የግንባታ ትርፍ ይመስላል። ከብዙ ትናንሽ ድንጋዮች ይልቅ ሁለት ሰው ተረዳድቶ የሚያነሣቸው አምስት ስድስት ትልልቆች ይሻላሉ። እያንዳንዱን ድንጋይ ሲሶውን ያህል ይቅበሩት፤ አናቱንም ወደ ኋላ፣ ወደ መደቡ መሀል ዘንበል ያድርጉት። እንዲህ ሲሆን በፊቱ ላይ የሚወርደው ውሃ ከኋላው ወዳለው ሥር ቀስ ብሎ ይሰርጋል፣ ድንጋዩም ከመሬት የበቀለ ይመስላል። ላዩ ላይ ቁጭ ያለ ድንጋይ ግን ሁልጊዜ የተቀመጠ ይመስላል። ድንጋዩ ከመልክ ያለፈ ጥቅምም አለው። ቀን የያዘውን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፤ በበጋ ከሥሩ ያለውን አፈር ጥላ ሆኖ ያቀዘቅዛል። ቆላ የለመደን ተክል ማለዳ ፀሐይ በሚያገኝ ድንጋይ ፊት፣ ጥላ የሚወደውን ከድንጋዩ በስተኋላ ማኖር ይቻላል።

ገንብተው ከጨረሱ በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት ይተዉት። በዚህ መካከል ውሃ እያጠጡ አፈሩ ይስከን፤ የጎደጎደውን ይሙሉ።

አሁን ወደ ተክሎቹ እንምጣ። ከአገራችን ዕፅዋት ብጀምር ተገቢ ነው፤ ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ሀብታም አገር ናትና። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ይገኛሉ፤ በርካቶቹ ከዚህ አካባቢ ውጭ በየትም አይበቅሉም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል ስለ እነዚህ ዕፅዋት በጋራ ያዘጋጁት መጽሐፍ እስካሁን ዋነኛው ማጣቀሻ ነው። ከእሬት ዝርያዎቹ አሎ ደብራና የማዕከላዊው ደጋ ተወላጅ ነው፤ ቀይ አበባ ያወጣል፤ ውርጩንም ዝናቡንም የለመደ ስለሆነ ለጀማሪ የምመርጠው እርሱን ነው። አሎ ካምፐሪ ከሰሜኑ ተረተር የመጣ ሲሆን፣ ወደ ብርቱካንና ቢጫ የሚያደላ አበባ ይሰጣል፣ በቀላሉም ይራባል። አሎ ፑልኬሪማ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቅጠል ያለው፣ ከገደል ላይ የሚንጠለጠል ዝርያ ነው፤ ካገኙት ከመደቡ ጠርዝ ወደ ታች እንዲወርድ አድርገው ይትከሉት። እሬት ሲያብብ ግቢው እንግዳ አያጣም። ረጅም መንቁር ያላቸው፣ ማር ቀሳሚ ትናንሽ ወፎች ይመጣሉ፤ ከእነርሱም አንዷ በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመችው የደጋ ወፍ ናት።

ከእሬት ሌላ በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅለው አንዳሁላ አለ። ወፍራም ቅጠሉና የተሰበሰበ አበባው ለመደቡ መካከል ይሆናል። በቋጥኝ ስንጥቅ የሚበቅለው ኤዮኒየም ሌውኮብሌፋረም ደግሞ ቅጠሎቹን ክብ አድርጎ ይደረድራል፤ በሁለት ድንጋይ መካከል ያለ ጠባብ ቦታ ይበቃዋል። ትልቁን ቁልቋል ግን በዚህ መደብ ላይ አልመክርም። ዛፍ ነው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ድንጋዩንም ሌላውንም ተክል ይውጣል። ለአጥር ይሁን። ቃጫም እንዲሁ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ የቅጠሉ ጫፍም ዓይን ያወጣል።

ከአሜሪካ ካክተሶች መካከል ለደጋችን የሚስማሙት የተራራ ልጆች ናቸው። ሳን ፔድሮ የሚባለው ዓምድ መሰል ካክተስ በኢኳዶርና በፔሩ የአንዲስ ተራሮች ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ይበቅላል፤ የአዲስ አበባም ከፍታ በዚሁ መካከል ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ከመደቡ ጀርባ ቢቆም ለሌሎቹ ድጋፍ ይሆናል። ክብና ቢጫ እሾህ የለበሰው የወርቅ በርሜል ካክተስ ደግሞ ከሜክሲኮ የመጣ ነው። በዓለም ላይ በሺዎች በሚቆጠሩ ግቢዎች ይታያል፤ በትውልድ አገሩ ግን ሊጠፋ ተቃርቧል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሜክሲኮ የተሠራው የዚማፓን ግድብ መኖሪያው ከነበረው ሸለቆ ሰፊውን ክፍል በውሃ አጥለቀለቀው። ይህ ተክል ክረምታችንን የሚችለው ውሃን ቶሎ በሚያሳልፍ ድብልቅ ላይ፣ ከመደቡ ከፍተኛ ስፍራ ሲተከል ብቻ ነው። ኤቼቬሪያ የሚባሉት ጽጌረዳ መሰል የሜክሲኮ ሰኩለንቶች ግን ቅዝቃዜውንም እርጥበቱንም በመቻል ከብዙዎቹ ይሻላሉ፤ ለመደቡ ፊት ለፊት እነርሱን ይደርድሩ።

በለስን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ እርሱም ካክተስ ነው፤ ከሜክሲኮ ተነሥቶ ትግራይ ከደረሰ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለሰውም ለከብትም ምግብ ሆኗል። በግቢ ሲተከል ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ለቀይ ማቅለሚያ ምርት ሲባል ወደ ትግራይ የገባው ኮቺኒል የተባለ ነፍሳት ከቁጥጥር ወጥቶ ሰፊ የበለስ ተክል አጥፍቷል። ስለዚህ የበለስ ቁራጭ ከማንም ሲቀበሉ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር እንዳለበት ይመልከቱ፤ ቢጫኑት ደም የመሰለ ቀይ ፈሳሽ ከወጣ ያ ቁራጭ ግቢዎ አይግባ። የበለስ ፀጉር መሰል እሾህ ከቆዳ ከገባ በማሸት አይወጣም፤ ፕላስተር ለጥፎ መንቀል ይቀላል።

ለመትከል የምመርጠው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያለውን ጊዜ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ፀሐዩ ወጥቷል፤ ተክሉ ሥሩን ለማበጀት እስከሚቀጥለው ክረምት ስምንት ወር ያህል ያገኛል። በሰኔ የተተከለ ካክተስ ግን ሥር ሳይሰድ ውሃ ውስጥ ይገባል። ከማሰሮው ሲያወጡት አሮጌውን አፈር አራግፈው ሥሩን ይዩ፤ የጠቆረና የለሰለሰ ካለ በንጹሕ ቢላ ይቁረጡ። የተቆረጠ ተክል ወዲያው አይተከልም። ቁስሉ ደርቆ ቆዳ እስኪያወጣ ድረስ ጥላ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት፤ ወፍራም የካክተስ ግንድ ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል። እሾሃማውን ለመያዝ ጋዜጣ ብዙ ጊዜ አጥፈው እንደ መቀነት ይጠምጥሙበትና በሁለቱ ጫፎች ያንሡት። አንገቱን ቀድሞ ከነበረበት ጥቂት ከፍ አድርገው ይትከሉ፤ ከዚያ በዙሪያው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ጠጠር ያልብሱ። ይህ ጠጠር አንገቱን ከእርጥብ አፈር ይለያል፣ አረምን ያዳክማል፣ ዝናብ ሲመታ ጭቃ ወደ ቅጠሉ እንዳይረጭ ያደርጋል።

በችግኝ ቤት ጥላ ሥር ያደገን ተክል በአንድ ጊዜ ለደጋ ፀሐይ ማጋለጥ ያቃጥለዋል። በዚህ ከፍታ ጨረሩ ብርቱ ነው፤ የተቃጠለው ነጣ ያለ ጠባሳም አይጠፋም። ሁለት ሦስት ሳምንት በቀን ጥቂት ሰዓት እያሉ ያለማምዱት፤ ወይም ከተከሉ በኋላ እኩለ ቀን ላይ በስስ ጨርቅ ይከልሉት። ለመጀመሪያው ሳምንት ውሃ አይስጡ። ሲነካ የተጎዳው ሥር እስኪድን ድረስ ደረቅ አፈር ይሻለዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ ጥቂት ነው። በበጋ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ ሥሩ እስኪደርስ ድረስ በደንብ ያጠጡ፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ግን ላዩን አርሶ ሥሩን ያሰንፋል። ከተጠራጠሩ ደረቅ እንጨት አፈሩ ውስጥ ሰክተው ያውጡት፤ እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ ይቆዩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ መደብ ከሣር ሜዳና ከአበባ ተክል ጋር ሲነጻጸር የሚጠይቀው ውሃ እጅግ ያነሰ ነው፤ ከአትክልት ልብስ ማጠቢያን የሚያስቀድም ቤተሰብም ያለ ሐሳብ ሊይዘው ይችላል። ከሰኔ ጀምሮ ውሃ ፈጽሞ አይጨምሩ። ፍግ አብዝቶ ማድረግም አይጠቅምም፤ ተክሉ ያለ ልክ ያብጣል፣ ሥጋው ይለሰልሳል፣ ለመበስበስም ይጋለጣል።

በክረምት ዋናው ሥራ መመልከት ነው። ቦዩ በቅጠል እንዳይደፈን በየሳምንቱ ያጽዱት። ኃይለኛ በረዶ የሚጥል ደመና ሲመጣ ለስላሳ ቅጠል ያላቸውን በቅርጫት ወይም በማዳበሪያ ከረጢት መሸፈን ይበጃል። በአንድ ተክል አንገት ላይ ቡናማ፣ ለስላሳ ቦታ ካዩ አይጠብቁ። ከመሬት አውጥተው ጤናማ ሥጋ እስኪታይ ድረስ ይቁረጡት፤ ቢላውን በየቁርጡ ይጥረጉ፤ ቀሪውን አድርቀው እንደ አዲስ ቁራጭ ይትከሉ። በቅጠል ብብት ውስጥ ጥጥ የመሰሉ ትናንሽ ተባዮች ከታዩ በአልኮል የተነከረ ጥጥ ይበቃቸዋል። ሙቀት ብቻ የሚወደውን የቆላ ተክል፣ ለምሳሌ በምሥራቅና በደቡብ ቆላማ ምድራችን የሚበቅለውን ውብ አበባ ያለው አዴኒየም፣ ከመደቡ ይልቅ በማሰሮ ይዞ ክረምቱን በረንዳ ሥር ማሳለፍ ይሻላል።

ተክሎቹን ከየት ማግኘት ይቻላል የሚለው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። መንገድ ላይ ሲያልፉ ከገደል ላይ ያማረ እሬት ያዩ ሰዎች ነቅለው ይዘው ይመጣሉ። ይህን ማድረግ አይገባም። አንዳንዶቹ ዝርያዎች የሚኖሩት በአንድ አካባቢ ብቻ ነው፤ አሎ አንኮበረንሲስ ለምሳሌ ከአንኮበር ገደሎች ስሙን ያገኘ፣ መኖሪያው እጅግ ጠባብ የሆነ ዝርያ ነው። ጥቂት ሰዎች ጥቂት ጥቂት ቢነቅሉ እንኳ ሊያልቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተፈረመው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም፣ በንግድ ከሚታወቀው ከአሎ ቬራ በቀር፣ የእሬት ዝርያዎችን በሙሉ ከድንበር ውጭ ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ ይጠብቃል፤ የካክተስ ቤተሰብንም ከጥቂቶች በቀር ይጨምራል። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ «ከአገር ቤት እሬት አምጡልኝ» ቢል ይህን ማወቅ አለበት። ዝርያዎቹን ለይቶ ማየት ለሚፈልግ የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ። ችግኝ ከሚያባዙ ሻጮች መግዛትም ለግቢዎ ይበቃል።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ከጎረቤት መለመን ነው። ብዙ እሬቶች ከእናቲቱ ሥር ልጆች ያወጣሉ። ልጁ የእናቱን ሲሶ ሲያህል፣ የራሱንም ሥር ሲያበጅ በመስከረም ማለቂያ በስለታም ቢላ ለይቶ፣ አንድ ሳምንት አድርቆ መትከል ነው። ኤቼቬሪያ ከአንድ ቅጠል ይበቅላል፤ ቅጠሉን ከነመነሻው ሳይሰበር ነቅለው በደረቅ አሸዋ ላይ ካስተኙት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥርና ትንሽ ችግኝ ያወጣል። ሳን ፔድሮም በክንድ ርዝመት ተቆርጦ፣ ደርቆ ሲተከል ይይዛል። ሲሰጡም ሲቀበሉም የተክሉን ስምና የመጣበትን አካባቢ በወረቀት ጽፈው አብረው ያስቀምጡ፤ ቆይቶ ሲያብብ ዝርያውን ለመለየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።